የሙሽራዋ ጥናትና የአጋፋሪው አበሳ

ሰው ተቀመጥ ሲሉት የማይቀመጥበት ምክንያት ብዛቱ! አንዱን ነፋስ ይመታዋል፤ አንዱ በር ዳር ተናቅሁ ይላል፤ አንዱ ደግሞ ከማን አጠገብ እንዳስቀመጣችሁት አይቶ ጋቢውን ይሰበስባል። ድግስ ላይ አጋፋሪ ሆናችሁ የማታውቁ ፈጣሪያችሁን አመስግኑ። እኔማ ራሴ አንድ ቦታ የማልረጋ ሰው ነኝ፤ ለዚህ ሥራ ማን እንደመረጠኝ ልንገራችሁ።

የእህቴ ልጅ አስናቀች ናት። እዚሁ ደብረ ታቦር ፊዚክስ ታጠናለች። አባቷ አያ ዘለቀና ታናሽ ወንድሙ ሞላ በእርሻ ወሰን ተጣልተው ሰላምታ ካቆሙ ቆይተዋል። ሠርጓ ሲደርስ፣ «ጋሼ፣ ሁለቱም ጥለውኝ ሳይሄዱ እንዲውሉ ያድርጉልኝ» አለችና ዓይኗ እንባ አቀረረ። ይህን አይቶ እምቢ የሚል አንጀት ከየት ይመጣል?

ችግሩ ዘመዱ ነው። ከእብናት የመጡት ዘመዶች ከአያ ዘለቀ አጠገብ ካልተቀመጡ አይበሉም፤ የሞላ አማቾች የእብናቶቹን ማየት አይፈልጉም፤ አማቾቹ ደግሞ ከእህቴ አይለዩም፣ እህቴ የዘለቀ ሚስት ናት። በሉ እስቲ አስቀምጡ!

«አቀማመጡን በኮምፒውተርሽ አውጪልኝ» ብላት አስናቀች ሳቀች። ለካ ጥናቷ ይኸው ኖሯል! ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ነገሮች ይሳሳባሉ፣ ይገፋፋሉ፤ ከሁሉ ባነሰ ጉልበት የሚረጉበት አኳኋን አላቸው፤ ያ ጉልበት ስንት እንደሆነ በቅርብ ግምት ማስላት ግን ገና ለሚመጡት የኳንተም ኮምፒውተሮች እንኳ ሳይከብድ አይቀርም አለችኝ።

«የእርስዎ ይሻላል፤ ሰው የሚቀመጠው አንድ ቦታ ነው። የእኔዎቹ በአንድ ጊዜ እዚህም እዚያም ናቸው።»

«ታዲያ ተፈጥሮ ራሷ እንዴት ታገኘዋለች?»

«ሁልጊዜማ አታገኘውም፤ በደረሰችበት ትቀመጣለች።»

እኔ ግን መች እሰማለሁ! በሠርጉ ዕለት አያ ዘለቀን ከዳሱ አንድ ጫፍ፣ ሞላን ከሌላው ጫፍ አደረግሁ፤ ከሞላ ጎን ያለውን ወንበር የሚስማማ ሰው አጥቼ ባዶውን ተውኩት። ከዚያ ማስተካከል ጀመርኩ። አንዱን ሳስነሳ ሌላው ይቆጣል፤ እሱን ላባብል ደግሞ ሦስተኛውን አስነሳለሁ። ወጡ ቀዘቀዘ፣ እኔን ላብ አጠመቀኝ።

አያ ዘለቀን እንደገና ላስነሳው ስል፣ «አሁንስ በዛ!» ብሎ ሳህኑን እንደያዘ ብድግ አለ። አለቀልኝ! አስናቀችም አየችው፤ ፊቷ ተለዋወጠ። እሱ ግን ወደ በሩ አልሄደም። ዳሱን አቋርጦ ባገኛት ባዶ ወንበር ላይ፣ ከወንድሙ ጎን ዘፍ አለ።

ሞላ በአገጩ እኔን እያመለከተ፣ «አያ፣ ይህ ሰውዬ ጤነኛ ነው? እኔንም እኮ አላስበላኝ» አለው።

«ድሮም እንዲህ ነው» አለ አያ ዘለቀ።

ሁለቱ እኔን ሲያሙ ዋሉ። አስናቀች እየሳቀች እንባዋን ትጠርጋለች። ወሰኑ? ስለ ወሰኑ ያነሳ የለም፤ እንደነበረ አለ። እኔም ደክሞኝ ልቀመጥ ብል ባዶ ወንበር ጠፋ፤ አያ ዘለቀ የለቀቀውንም አንዱ እንግዳ ይዞታል። በሩ ጋ ቆሜ በላሁ።