ጉልበታችን ዮጋ ሲማር

በአገራችን የመገጣጠሚያ ሕመም ሁሉ የሚለጠፍበት አንድ ተከሳሽ አለ፤ ብርድ። ጉልበትሽን አመመሽ? ብርድ ነው። ወገብሽን ያዘሽ? ብርድ መትቶሽ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ እንዲህ ቢባል አልከራከርም ነበር። እኔ ግን የምኖረው ሰመራ ነው፤ ገና በረፋዱ የብረት በር በጨርቅ ተይዞ በሚከፈትበት ከተማ። እዚህም ቢሆን ጉልበቴን ይዤ ስነሣ ያየኝ ሰው ሁሉ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ “ብርድ ገብቶብሽ ነው” ይለኛል። በየት በኩል እንደገባ ግን የሚነግረኝ የለም።

የእኔ ጉልበት መንቋቋት የጀመረው አዋሽ ሰባት ስሠራ ነው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ከመደርደሪያ ሥር ቁጢጥ ማለት የሥራዬ ግማሽ ነው። ወደ ሰመራ እኔ በደብዳቤ ስዛወር ሕመሙ ያለ ደብዳቤ ተከተለኝ። ወደ አምሳ ስጠጋና የወር አበባዬ መቅረት ሲጀምር ደግሞ ትከሻዬና ጣቶቼም ተጨመሩ። ይህን ለማን ትነግሩታላችሁ? እናቶቻችን አልነገሩንም፤ እኛም እንደ እነሱ ዝም ብለን እናነክሳለን።

ጎረቤቴ ከዲጃ ከእኔ ይልቅ ትቸገር ነበር። ከወሎ መጥታ ቁርስ ቤት የከፈተች፣ ሚሌን አልፈው የሚመጡ ሹፌሮች ፉሏን ብለው የሚቆሙላት ሴት ናት። ቀኑን ሙሉ ቆማ ትውላለች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ግን ሶላቷን የምትሰግደው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ለታመመ ሰው እንደሚፈቀድ አሳምራ ታውቃለች። አንድ ቀን ስለዚሁ ስናወራ “ፈቃዱንስ አላህ ሰጥቶኛል” አለችኝ፤ “ግንባር መሬት የሚነካበትን የሱጁዱን ናፍቆት ግን አላነሣልኝም።”

ፋጡማ የመጣችው በዚህ መሀል ነው። የዱብቲ ልጅ ናት፤ ተምራ የተመለሰች የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ። የእኔን፣ የከዲጃንና የሌሎቹን የሰፈር ሴቶች ጉልበት አንድ በአንድ አጠፍ ዘርጋ አድርጋ ካየች በኋላ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ፀሐይ ሳትበረታ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ሰሌን አንጥፋ ቀለል ያለ ዮጋ ልታሠራን እንደምትችል ነገረችን።

ዮጋ የሚለው ቃል ሰፈሩን አስጨነቀው። እኔ ከከዲጃ ተደብቄ የነፍስ አባቴን ጠየቅኋቸው። የሌላ አምልኮ ጸሎት ይደረስበት እንደሆነ መረመሩኝ። መተንፈስና መንጠራራት ብቻ እንደሆነ ስነግራቸው ትንሽ አሰብ አደረጉና ለወገብም ይሆን እንደሆነ ጠየቁኝ። ከዲጃም ለካ ከእኔ ተደብቃ ሸኹዋ ዘንድ ሄዳለች። እሳቸው ደግሞ ለባለቤታቸው ቦታ ይኖር እንደሆነ ነው የጠየቋት።

በመጀመሪያው ቀን ፋጡማ “እናቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ” ስትለን ዞር ብለን እናቶቹን ፈለግን። ከዚያ ግድግዳ ተደግፈን እጃችንን አነሣን፤ ወንበር ይዘን ጉልበታችንን በጥቂቱ አጠፍን፤ ተጋድመን ተነፈስን። አንዷ አንኮራፋች። (እኔ ነኝ።) ፋጡማ ደጋግማ የምትለን አንድ ነገር ነበር፤ “ሳያማችሁ በፊት ቁሙ።” ለእኛ ይህ እንግዳ ትምህርት ነው። ያደግነው “ቻል አድርጊው” እየተባልን ነው እንጂ፣ የሚያምሽ ቦታ ሳትደርሺ ተመለሺ ያለን ሰው የት አለና!

ከዲጃ ይህ አልገባትም። በሁለተኛው ሳምንት ሱጁዱ ናፍቋት በአንዴ በጉልበቴ ቁጭ ልበል ስትል ጉልበቷ አበጠ። ልትተወው ነበር። ፋጡማ ቁርስ ቤቷ ድረስ ሄደች፤ አልተቆጣቻትም፤ እብጠቱ እስኪጎድልላት እንድታርፍ ነገረቻትና ስትመለስ ከጉልበቷ ሥር ትራስ አኖረችላት። ከዚያ በኋላ ከዲጃ ትራስ ባየች ቁጥር ብታፍርም መቅረቱን ግን አቆመች።

ወራት አለፉ። ሕመሙ ጠፋ አልላችሁም፤ ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አሁንም ያንገራግራሉ። ነገር ግን የታችኛውን መደርደሪያ መዝገብ ማንንም ሳልለምን አወጣ ጀመር።

አንድ ማለዳ ከዲጃ አርፍዳ መጣችና ጫማዋን እያወለቀች፣ “ትናንት ለአሱር፣ ለከሰዓቱ ሶላት ወረድሁ። ግንባሬ ምንጣፉን ነካ” አለች።

የፋጡማ ዓይን እንባ ሞላ።

“መውረዱንስ ወረድሁ” ቀጠለች ከዲጃ፤ “መነሣቱ እምቢ አለኝ እንጂ።”

ልጇ ከቁርስ ቤቱ ጀርባ ያለውን የመኝታ ክፍል በር ከፍታ እናቷን በሱጁድ እንደተደፋች አይታለች። ወንበሩ ባዶውን ቆሟል። እናቴ ዱዓ ላይ ናት ብላ በእግሯ ጣቶች ተራምዳ ወጣች፤ በሩን በቀስታ ዘጋች፤ የሚበሉትን ሹፌሮች ድምፃቸውን እንዲቀንሱ ለመነች። ቁርስ ቤቱ ጭጭ አለ። ከዲጃ ውስጥ ሆና ይህን ሁሉ ትሰማለች፤ ልትጣራ አፈረች። በመጨረሻ የአልጋውን እግር ይዛ ነው የተነሣችው።

“እንደዚያ ያለ ረጅም ሱጁድ በዕድሜዬ አድርጌ አላውቅም” አለችን፤ “የቆየሁት ጉልበቴ ይዞኝ ይሁን ደስ ብሎኝ፣ አላህ ነው የሚያውቀው።”

ፋጡማ ዓይኗን በሻሽዋ ጠረገችና ዛሬ የምንማረው መነሣት እንደሆነ ነገረችን። ለመነሣት ደግሞ መጀመሪያ መውረድ ያስፈልጋል። እየተደጋገፍን፣ ሳያመን በፊት እየቆምን፣ አንድ በአንድ ወረድን።