የገጣሚዎች አወዳዳሪ ኮሚቴ እና የማክሰኞው ክፍል

የሰውን ልጅ ለዘመናት እንቅልፍ የነሳው ጥያቄ፣ ማለትም ከቻይና ሴት ገጣሚዎችና ከአሜሪካ ሴት ገጣሚዎች የትኞቹ ይበልጣሉ የሚለው፣ መቋጫ ያገኘው በአንዲት አነስተኛ የኦሃዮ ከተማ፣ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ የስብሰባ ክፍል ውስጥ ነው። ዓለም ይህን ውለታ እስካሁን አለማወቁ ያሳዝናል።

ታላቁን ሥራ የተሸከመው አምስት አባላት ያሉት አወዳዳሪ ኮሚቴ ነበር። ከአምስቱ አንድም ቻይንኛ የሚያነብ አልነበረም፤ በዚህም ለቻይና ከማድላት ዳኑ። አሜሪካውያኑንም ቢሆን ከትምህርት ቤት ወዲህ ገልጦ ያየ አልነበረም፤ በዚህም ለአገራቸው ከማድላት ዳኑ። በሁለት ወር ውስጥ ከባድ ግኝት ላይ ደረሱ፦ ወደ እንግሊዝኛ በተተረጎመው የግጥም መጽሐፍ ቻይናውያኑ ጨረቃን አርባ አንድ ጊዜ ጠቅሰዋል፣ አሜሪካውያኑ ግን ዘጠኝ ጊዜ ብቻ። ጸሐፊው ዱዌን ስቶከር ቆጠራው እንዲደገም ሐሳብ አቀረበ፤ ሐሳቡ ተደገፈ፣ ድምፅ ተሰጠበት፣ ጨረቃዎቹ እንደገና ተቆጠሩ። አርባ ሆኑ። አንዷ የት እንደገባች ለማሰላሰል ስብሰባው ለአንድ ሳምንት ተበተነ።

ይህ ሁሉ ጸጥታ ስለሚፈልግ፣ በዚያ ክፍል ማክሰኞ ማክሰኞ ይሰጥ የነበረው የጎልማሶች የንባብ ትምህርት ወደ መተላለፊያው፣ ከሽንት ቤቱ በር ፊት ለፊት ተዛወረ። ተማሪዎቹ ሰባት ነበሩ። ከሰባቱ አንዷ ፋንግ ሹዩን ናት።

ሹዩን በአዛውንቶች መኖሪያ ወለል ትወለውላለች። በአገሯ ወንድሞቿን ለማሳደግ ከሁለተኛ ክፍል ስለወጣች፣ የቻይንኛውም ጽሕፈት ከስሟ ብዙ አይርቅላትም። አምስት ዓመት የሆናት ልጇ ኒንግ አስም አለባት። ባለፈው ክረምት መድኃኒት ቤቱ ሽሮፑን በሌላ ቀየረው፤ ጠርሙሱ ያው ነበር፣ ወረቀቱ ላይ ግን ግማሽ ማንኪያ ይል ነበር። ሹዩን እንደለመደችው አንድ ሙሉ ማንኪያ ሰጠች። የልጅቷ እጅ ቀኑን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ፣ ልቧ ሲደልቅ ዋለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሹዩን ወረቀቱን ራሷ ሳታነብ ማንኪያ ላለማንሳት ማለች፤ እስከዚያው ድረስ ግን በየጊዜው ጎረቤት ታንኳኳለች፣ ጎረቤት ደግሞ ሁልጊዜ ቤቱ አይገኝም።

ክፍሉ እንዲመለስ ለመጠየቅ ገና የስብሰባውን በር ስትከፍት፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ ወይዘሮ ሎሬታ ሃርግሮቭ ከወንበራቸው ተነሥተው ተቀበሏት። ኮሚቴው ትርጉሙን የሚያረጋግጥለት ቻይናዊ ባለሙያ ሲፈልግ ከርሟል፤ ይኸው ባለሙያው በእግሩ መጣ። የቻይንኛውን መጽሐፍ ገልጠው ሰጧት።

«እኔ ማንበብ አልችልም» አለች ሹዩን።

ወይዘሮ ሃርግሮቭ ወደ ጸሐፊው ዞሩ። «ዱዌን፣ ይሄን ጻፍልኝ። ትሕትና። መጽሐፉ መግቢያ ላይ ስለ ቻይናውያን ገጣሚዎች ያለው ነገር ነው።»

«ትሕትና አይደለም። ከሁለተኛ ክፍል ነው የወጣሁት።»

«አየህ፣ ጨመረችበት» አሉ ሰብሳቢዋ።

ስለ ክፍሉ ስታነሣ ግን ፊታቸው በአዘኔታ ረዘመ። ጥያቄዋ በአጀንዳው የለም። ሆኖም በዚህች ከተማ ማንም ሰው ድምፅ አልባ አይደለም፤ በየስብሰባው መጨረሻ ነዋሪው ማይክራፎን ፊት ቆሞ ሦስት ደቂቃ ይናገራል። ኮሚቴው በጥሞና ያዳምጣል። በደንቡ መሠረት መልስ መስጠት ክልክል ነው።

ሹዩን የምትናገረውን ሁለት ሳምንት ጻፈች፣ ሰረዘች፣ ጻፈች። ሰባ ዓመት ያለፋቸው የንባቡ መምህርት ኦዴል ሊጽፉላት ሲሞክሩ ራሷ እንድትጽፈው ለመነቻቸው። ቀኑ ሲደርስ ማይክራፎኑ ፊት ቆማ፣ ጣቷን ከቃል ወደ ቃል እያሻገረች አነበበች፦

«ክፍሉን መልሱልን። መተላለፊያው ጨለማ ነው። የሽንት ቤቱ በር በተከፈተ ቁጥር ያነበብኩት ይጠፋኛል። ልጄ ታስላለች። የመድኃኒቷን ወረቀት ማንበብ አለብኝ። የምንጠይቀው ማክሰኞን ብቻ ነው።»

ዱዌን መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ለጥያቄ መልስ መስጠት ክልክል መሆኑ ሁሉንም ያስጨንቅ ነበር፤ ደግነቱ ግን ስለ ግጥም መወያየት በደንቡ አልተከለከለም።

«ክፍሉ የሴት ልጅ ውስጧ ነው» አሉ ወይዘሮ ሃርግሮቭ በለሆሳስ።

«ሽንት ቤቱስ?» አለ ዱዌን።

«ዘመናዊው ዓለም ነዋ።»

«ልጅቷ ደግሞ ራሷ ገጣሚዋ ናት። ድምጿን ታፍና ነው የምትስለው» አለ ዱዌን።

«አይ፣ ልጄ ናት። አምስት ዓመቷ ነው። አስም ነው ያለባት» አለች ሹዩን።

ደወሉ ጮኸ። ሦስቱ ደቂቃ አልቋል። ከዚያ በኋላ ነዋሪ መናገር አይችልም፤ ስለዚህ ኮሚቴው ግጥሙን ያለ ገጣሚዋ ጣልቃ ገብነት፣ በነፃነት መረመረ። ጨረቃ እንደሌለበት ሲረጋገጥ ነገሩ ሁሉ ተገለጠ። ያቺ የጠፋችው ጨረቃ ይህች ናት፤ ባለመኖሯ ታበራለች። ገጣሚዋ ቻይናዊት ናት፣ ግጥሙ የተጻፈው በኦሃዮ ነው፣ ስለዚህ ሁለቱም ወገን አሸንፏል። ውጤቱ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፣ ተጨበጨበ፣ ሹዩንም አበባ ተሰጣት።

በዚያ ሊበቃ ይችል ነበር። ኮሚቴው ግን ጥበብን አክብሮ ብቻ የሚቆም ኮሚቴ አልነበረም። እንዲህ ያለ ግጥም የተሰማበት ክፍል ለተራ ጉዳይ መዋል እንደሌለበት ዱዌን ሐሳብ አቀረበ፤ ሐሳቡ ተደገፈ። ኮሚቴው ራሱ፣ ከፍ ያለ መሥዋዕትነት በመክፈል፣ ስብሰባውን ወደ አንድ ምግብ ቤት አዛወረ።

በቀጣዩ ማክሰኞ ሹዩን ወደ መተላለፊያው ስትመጣ በስብሰባው ክፍል በር ላይ አዲስ የነሐስ ሰሌዳ አየች። ክፍሉ ባዶ ነበር፤ በመስታወቱ በኩል ረጅሙ ጠረጴዛና ሁሉም ወንበሮች ይታያሉ። ሰሌዳው ላይ ጣቷን አስቀምጣ፣ መምህርቷ አጠገቧ ቆመው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳትደናቀፍ አነበበችው፦

«የፋንግ ሹዩን ክፍል። መግባት ክልክል ነው።»



«አንድም ቃል አልተሳሳትሽም» አሏት መምህርት ኦዴል።