ቮልሱን ያዘለው ሰውዬ

ትናንት ጎረቤቴ ጋሽ ድልነሳው ሕልም አየ። የት ተኝቶ እንዳየው ቆይቼ እነግራችኋለሁ። ቀኑ ልጁ ማኅደር የምትመረቅበት ነበር፤ በሦስት ሰዓት። «የኔ ልጅ ጋውን ለብሳ አውቶቡስ ውስጥ ስትጋፋማ አላይም!» ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ ምሏል። ያንን አሮጌ ቮልስ የገዛውም ለዚሁ ነው። ከገዛው ወዲህማ ሰላምታው ሁሉ በመስኮት ሆኗል፤ ተቀይመነዋል፣ ምን ይደበቃል።

በሕልሙ ከቤት ሲወጣ ቮልሱ ጋቢ ደርቦ በረንዳው ላይ ተቀምጧል።

«ጎንበስ በል» አለው።

ጎንበስ አለ። ቮልሱ ጀርባው ላይ ጉብ አለና «ሳበው!» ብሎ ጮኸ።

መንገዱ ጉድ ነበር። ሰው ሁሉ መኪናውን አዝሎ ያለከልካል። አንዱ ምስኪን ሲኖትራክ ተሸክሞ እሹሩሩ ይላል። አደባባዩ ጋ አንዲት ፍየል ፊሽካ ነፍታ ጋሽ ድልነሳውን አስቆመችው፤ ትራፊኳ እሷ ናት። ቦርጩን መታ መታ አደረገችው።

«በእግርህ ከሄድክ ስንት ጊዜህ ነው?»

«ስድስት ወር።»

«ከጎረቤት ተቀምጠህ ካወራህስ?»

«እሱም... ስድስት።»

«አይ አንተ!» አለችና መንጃ ፈቃዱን በላችው።

ከዚያ ነዳጅ ማደያ ደረሱ። መኪኖቹ ወንበር ስበው ሻይ ይጠጣሉ፣ ሰዎቹ ተሰልፈዋል። ቀጂው ቱቦውን ጋሽ ድልነሳው ጆሮ ውስጥ ሰካ።

«ስንት ሰዓት ልቅዳ?»

«ሙላው!» አለ ቮልሱ ከላይ።

እሑድ እሑዱን ቀዳው። ማኅበሩን ቀዳው። ማታ ማታ ከማኅደር ጋር ዳማ የሚጫወትበትን ጊዜ ሳይቀር ጭልጥ አድርጎ ቮልሱ ውስጥ ጨመረው።

ማዶ አውቶቡሶች ተሰልፈው ተሳፋሪ ይለምናሉ። «እባካችሁ ጌቶቼ፣ እኔን ያስቀድመኝ፣ ግቡልኝ!» የአንዱ መስኮት ተከፈተና ማኅደር በጋውኗ ብቅ አለች።

«አባዬ ግባ! ሦስት ሰዓት ሊሞላ ነው!»

ሮጠ። ቲኬት ቆራጯ በሩ ላይ እጇን ዘረጋችበት። «መኪና አዝሎ መግባት ክልክል ነው። አውርደው።»

«ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ ጋሽ ድልነሳው።

«ወራጅ የለም» አለ ቮልሱ፣ አንገቱን ጥብቅ አድርጎ ይዞ።

አውቶቡሱ ሄደ። ጋሽ ድልነሳው «አውርዱልኝ! ልጄን!» እያለ ስቅስቅ ብሎ ሲያለቅስ መስኮት ተንኳኳና ነቃ።

ቮልሱ ውስጥ ነበር፤ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ የቆመበት የነዳጅ ሰልፍ ላይ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሆኗል። መስኮቱ ላይ የቆመችው ማኅደር ናት፤ ጋውኗን ለብሳለች፣ የታቀፈችው አበባ ጠውልጓል።

«ተመረቅኩ እኮ፣ አባዬ» አለች። «ስልክህ አይነሳም። አውቶቡስ ውስጥ ግን እልል ያላለልኝ ሰው የለም። በል ና፣ ፎቶ ልንነሳ ነው፤ ሁላችንም ፌርማታው ጋ ነን።»

እኛም ጎረቤቶቹ ማዶ ሆነን እጃችንን አውለበለብንለት። ጋሽ ድልነሳው ዓይኑ እንባ ሞላ። በሩን ከፈተ፣ አንድ እግሩን አወጣ።

ይኼኔ ከኋላው ያለው ሹፌር ጡሩምባውን አንባረቀው። ለካ የነዳጅ ቦቴው ደርሶ ሰልፉ መንቀሳቀስ ጀምሯል። ከፊቱ የቀሩት አራት መኪኖች ብቻ ናቸው።

«ማኅዲዬ» አለ፣ እግሩን ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ እየሰበሰበ፣ «እናንተ ቅደሙ። ተራዬ ሊደርስ ነው።»