የወይዘሮ ባንቺዓለም የበሽተኛ ጥየቃ

በሽተኛ በሰላም እንዳይታመም የተፈጠረች ሴት በየሰፈሩ አንዲት አትጠፋም። ለእኛዋ ቢቸና የተመደቡት ክብርት ወይዘሮ ባንቺዓለም ናቸው። ሞጣ ተወልደው ቢቸና ተዳሩ፤ ቢቸናን ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላሏትም። ለገብሱም፣ ለነፋሱም፣ ለቄሱ ድምፅ እንኳ ፍርዳቸው አንድ ነው፦ «ሞጣ ቢሆን እንዲህ አይደለም።»

ሌላው ጠያቂ ደጃፉን ሲረግጥ «እግዜር ይማርህ» ይላል። እሳቸው «ደግሞ ምን ሆንኩ ልትል ነው?» ይላሉ። እግሩ ተሰብሮ የተኛውን ጎረቤታችንን ይስማውን «የሞጣ ወጌሻ ቢይዝህ ይሄኔ ትጨፍር ነበር» ሲሉት ቢውሉ፣ ሰውየው መሮት በምርኩዙ ተነሥቶ ከቤት ወጣ። እሳቸውም አስነሣሁት ብለው ለሰፈሩ አወጁ።

እማማ ውበቴን ሳንባ ነቀርሳ የያዛቸው ጊዜ ግን ነገሩ ጨዋታ አልነበረም። ሲስተር ሀይማኖት መድኃኒት ጀምራላቸው፣ እህል ካልቀመሱ ጉልበታቸው እንደማይመለስ አስጠንቅቃለች። እሳቸው ክኒኑን ይውጣሉ፤ ምግቡን ለድመቷ ያሳልፋሉ። ከሳሉ ይልቅ ያሳመማቸው ሌላ ነው። የጊዮርጊስ ማኅበር ተራቸው ደርሷል፤ ይህን በሽታ ይዘው ማን ከቤታቸው ይቀምሳል? ባለተራ የሚረከበውን ጽዋ በልጃቸው በፋንታነሽ እጅ መለሱት፤ ከማኅበሩም አስወጡኝ ብለው ላኩ። ከዚያ ወዲያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ።

በማግስቱ የዚያው ማኅበር አባል ወይዘሮ ባንቺዓለም ጽዋውን በነጠላቸው ሸፍነው መጡ። ጠያቂ እንዳይገባ ሲስተር ከልክላለችና ከተከፈተው መስኮት ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ውበቴ፣ ይኼን መልሱልኝ ያልሽው ምን ሆነሽ ነው?»

«ልሞት ነው፤ ተይኝ።»

«ሙቺ። ተራሽን አውጥተሽ ግን። ሞጣ ሰው ተራውን ሳያወጣ አይሞትም።»

እማማ ውበቴ ግራ ገባቸው። ስድብ ነው? ማጽናናት ነው? ሲያሰላስሉት አምሽተው፣ መልስ መስጫ አቅም እንዲሆናቸው ትንሽ ገንፎ ቀመሱ።

ወይዘሮዋ ከዚያ ቀን ወዲህ አልቀሩም። ጠላውን በአንቺ ስም እኔው እጠምቃለሁ፣ በሞጣ ወግ፣ ጌሾውን ቀነስ አድርጌ አሉ። ይህን ሲሰሙ እማማ ውበቴ ከመደባቸው ተነሥተው እስከ መስኮቱ ሄዱ። ጌሾ ሊቀነስ? በእሳቸው ስም? ጎረቤት ሁሉ በጭቅጭቁ ሥራ ፈታ፤ ድመቷም ከሳች።

ሳምንታት አልፈው ሲስተር ሀይማኖት አክታውን አስመረመረች፤ በሽታው ከእንግዲህ ወደ ሰው እንደማይተላለፍ፣ ክብደታቸውም እንደጨመረ አበሰረቻቸው።

«የዳንኩት በክኒኑ ነው በንዴቱ?» አሉ እማማ ውበቴ፣ ከልባቸው ተቸግረው።

«በክኒኑ ነው፣ እማማ። ገና ወራት ይቀረዋል፤ እንዳያቋርጡ።» ሲስተር መስኮቱን አየት አደረገች። «ንዴቱንም አያቋርጡ።»

ማኅበሩ በእማማ ውበቴ ቤት ተበላ፣ ተጠጣ፤ ጠላው ጌሾው ያልተቀነሰ ነበር። ወይዘሮ ባንቺዓለም ሲቀምሱ ቤቱ በሙሉ አፍ አፋቸውን አየ። እሳቸው ግን ስለ ሞጣ ምንም ሳይሉ ዋንጫቸውን አስሞሉ።

ደስ ሊላቸው ሲገባ እማማ ውበቴ ተረበሹ። ዝምታው ሙገሳ ይሁን ሕመም መለየት አቃታቸው፤ እንቅልፍም አልወሰዳቸውም። ጠዋት ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡና ከወይዘሮ ባንቺዓለም መስኮት ሥር ድንጋይ ፈልገው ተቀመጡ።

«ደግሞ ምን ሆንኩ ልትይ ነው?» አሉ።