የእናታችንን መልክ በድምፅ ብልጫ ለመወሰን የተደረገ ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ፎቶ ቤቱ ከተዘጋ በኋላ
ቦታ፦ የኋላ ክፍል፣ ማተሚያው አጠገብ

የተገኙ፦
1. አጎት፣ የእናት ወንድም፣ የፎቶ ቤቱ ባለቤት — ሰብሳቢ
2. ታላቅ ወንድም፣ የኅትመት ኃላፊ — አባል
3. እህት፣ ፎቶ አንሺ — አባል
4. የፎቶ አንሺዋ ባል — ጸሐፊ (አማች ስለሆነ ድምፅ የለውም)

ያልተገኙ፦ እናት። በፊተኛው ክፍል ተቀምጠው ፎቷቸውን እየጠበቁ ነው።

ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱ ተረጋግጦ ስብሰባው ተጀመረ።

አጀንዳ 1፦ የእናት ፎቶ አረንጓዴ ሆኖ ስለ መውጣቱ

ሰብሳቢው በአዲሱ ወረቀት የታተመውን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አኑረው ማብራሪያ ጠየቁ። የኅትመት ኃላፊው ማሽኑ ይህን ወረቀት ስለማያውቀው የራሱ የቀለም ፕሮፋይል፣ ማለትም የቀለም ማረሚያ፣ ሊሠራለት እንደሚገባ አስረዱ። አሠራሩም በመቶ የሚቆጠሩ ባለቀለም ካሬዎችን ማተም፣ እስኪደርቁ ማሳደር፣ እያንዳንዱን በመለኪያ መሣሪያ አንብቦ ስህተቱን ለኮምፒውተሩ ማሳወቅ ነው አሉ። ፎቶ አንሺዋ ወንድማቸው ካሬ ሲያነቡ ደንበኛ እንደሚያረጅ ገለጹ። የኅትመት ኃላፊው እህታቸው ግድግዳ ብቻ ቢያነሱ እንደሚሻል መለሱ። ይህ ከቃለ ጉባኤው እንዲወጣ ታዟል፤ ጸሐፊው ለማውጣት ቃል ገብቷል።

ሰብሳቢው መሣሪያው ቀርቶ የካሬዎቹ ቀለም እጅ በማውጣት እንዲለይ ሐሳብ አቀረቡ። ከረጅም ውይይት በኋላ ተወሰነ። አንዱ ካሬ ሁለት ለአንድ «ብርቱካናማ ነው» ሲባል የኅትመት ኃላፊው ኮታቸውን ለበሱ፤ ከወጡ እንደማይመለሱም አስታወቁ። ማሽኑ የኅትመት ኃላፊው የግል ንብረት መሆኑ ሲታወስ ካሬው ዳግም እንዲታይ ተፈቀደ።

አጀንዳ 2፦ የእናት ትክክለኛ መልክ

ፎቶ አንሺዋ «ጠይም ናት» አሉ። የኅትመት ኃላፊው «ቀይ ናት» አሉ። ሰብሳቢው ሁለቱም ሳይወለዱ እንደሚያውቋት ጠቅሰው «ጥቁር ነበረች» አሉ። ለማስታረቅ ሲባል «የቀይ ዳማ» በአብላጫ ድምፅ አለፈ። የኅትመት ኃላፊው ኮምፒውተሩ የቀይ ዳማ የሚባል ነገር እንደማያውቅ፣ ቀይ ከተባለ ደግሞ እናትን ቲማቲም እንደሚያደርጋቸው አስጠነቀቁ።

ጸሐፊው «እዚሁ ናቸው፣ ለምን አይጠሩም?» አለ። ድምፅ እንደሌለው ተነገረው። ጥቂት ቆይቶ ሰብሳቢው እናት ቢጠሩስ የሚል የራሳቸውን ሐሳብ አቀረቡ፤ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

እናት ገብተው አረንጓዴውን ፎቶ አነሱ። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ካዩት በኋላ «እናቴን ከየት አገኛችኋት?» አሉ።

ፎቶ አንሺዋ «እማዬ፣ አንቺ ነሽ እኮ፤ ቀለሙ ተበላሽቶ ነው» አሉ።

«አንቺ አታውቂያትም። አንድም ፎቶ የላትም።» ፎቶውን ለሰብሳቢው ሰጡ። «እያት እስቲ። አንተ ታመህ ሳለ፣ እንቅልፍ ያጣች ጊዜ፣ ፊቷ እንዲህ አልነበረም?»

ሰብሳቢው ፊታቸውን ወደ ማተሚያው አዞሩ። ስብሰባው ለጊዜው ያለ ሰብሳቢ ቀጠለ። በመጨረሻ የኅትመት ኃላፊው ኮታቸውን አውልቀው «አጎቴ፣ ይህንኑ ላንተም ላትምልህ?» ሲሉ ሰብሳቢው ራሳቸውን በመነቅነቅ ተስማሙ።

ውሳኔ፦ በአጀንዳ 1 እና 2 የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ለዚህ ወረቀት ፕሮፋይል አይሠራም፤ የቀረው ወረቀትም ለአያት ፎቶ ይቀመጣል እንጂ ለደንበኛ ሥራ አይውልም። የእናት የራሳቸው ፎቶ እንደገና ይታተም የሚለው ሐሳብ፣ «የኔንማ መስታወት ላይ አየዋለሁ» በማለታቸው ውድቅ ሆኗል።

ስብሰባው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ፣ ተበተነ።