ጠመንጃ የሌላቸው የጥይት ሊቅ

በየትኛውም የኢላማ ተኩስ ክለብ ውስጥ የራሱ ጠመንጃ የሌለው አንድ የጠመንጃ ሊቅ አይጠፋም። ከጠፋ ክለቡ ገና ወረቀቱ አላለቀለትም ማለት ነው። የኛው ክቡር ሊቀ ሊቃውንት ኔቪል ፓስኮ ይባላሉ። ዋላሩ ወደብ ባለው የእህል ጎተራ፣ የመኪና ሚዛን ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ስንዴ የጫነ መኪና ሚዛኑ ላይ ሲቆም ሾፌሩ ቁርሱን ይብላ አይብላ ከቁጥሩ ያውቁ ነበር ይባላል። ይህን የሚያስወሩት ራሳቸው ናቸው።

ክቡርነታቸው ላለፉት አራት ዓመታት በአንድ ታላቅ ጉዳይ ተጠምደው ከርመዋል። በልካቸው የሚሠራላቸው የመጀመሪያ ጠመንጃ የትኛውን ጥይት ይጉረስ?

ከዚህ በኋላ አንቱታውን ልተወው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አብሬው በሆዴ ተኝቼ ኢላማ ስተኩስ የኖርኩትን ሰው አንቱ ስለው ምላሴ ይተሳሰራል። ኔቭ ነው።

ነገሩ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ነው። ጥይቱ ይመረጣል፣ ጠመንጃ ሠሪው በርሜሉን በዚያ ጥይት ልክ ይቦረቡራል፣ በቃ። ግን አንዴ ከተቦረቦረ መመለሻ የለውም። ሦስት ዜሮ ስምንት የሚባለው ሽማግሌ ጥይት በየሱቁ አለ፣ በርሜልም አይጨርስም፤ ትከሻ ግን ይደቁሳል፣ ነፋስም ይጫወትበታል። ስድስት ሚሊው ሽው ብሎ ይሄዳል፤ በርሜሉን ግን በሁለት በጋ ይበላዋል። ስድስት ነጥብ አምስቱ የሁለቱንም ደህና ደህናውን ይዟል፤ የሱ ጥፋት ሁሉም ሰው ዘንድ መኖሩ ነው።

«ሰው ሁሉ የሚተኩሰውን ልተኩስ?» ይላል ኔቭ፣ ሰው ሁሉ የተኮሰበትን የክለቡን ጠመንጃ ቁጥር አራትን አንግቶ።

ወሰንክ ወይ ብላችሁ ስትጠይቁት መልሱ ምንጊዜም ያው ነው። «ወስኛለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል።»

ጠመንጃ የለውም እንጂ ሌላው ሁሉ አለው። የተተኮሰን ቀለህ አጥቦ፣ አስተካክሎ፣ አዲስ ባሩድና አዲስ አረር ሰጥቶ እንደገና ጥይት የሚያደርግበት መሣሪያ በጋራዡ ተደርድሯል፤ ለሦስቱም የጥይት ዓይነት። ቀለሆቹን አንድ በአንድ መዝኖ፣ በክብደት ለይቶ፣ በሚስቱ በግሌኒስ የማርማላታ ጠርሙሶች ውስጥ አስቀምጧቸዋል። ግሌኒስ ማርማላታ መሥራት ካቆመች ሦስት ዓመቷ ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ እኔን ለማግባት እኮ የፈጀብህ ስድስት ሳምንት ነው» ትለዋለች።

«ያኔ ምርጫው ጠባብ ነበር።»

«ለኔም ጠቦኝ ነው እንጂ!»

አንድ ጊዜ ወደ ከተማችን አዲስ የመጣ ባለ መድኃኒት ቤት ክለባችን ጎራ አለና «በየትኛው ጥይት ልጀምር?» ብሎ በየዋህነት ጠየቀ። የጠየቀው ኔቭን ነው። ከሦስት ሰዓት በኋላ ስናያቸው ኔቭ የጠረጴዛውን ልብስ በእርሳስ ሥዕል ሞልቶታል፣ ሰውየው ደግሞ ፊቱ አመድ መስሏል። በሳምንቱ ጀልባ ገዛ። አሁን ጎበዝ ዓሣ አጥማጅ ወጥቶታል አሉ፤ ኔቭን ከሩቅ ሲያይ መንገድ ይሻገራል።

ታዲያ ይህን ሰው ለምን ዝም አንለውም? እኔ በበኩሌ አልችልም። ባለፈው ጥር፣ ሙቀቱ አርባ ሁለት በደረሰበት ሰሞን፣ ጥይቶቼ ኢላማው ላይ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ እያለ መከራዬን አበሉኝ። ባሩዱን ረገምኩ፣ የማነጣጠሪያ መነጽሩን ረገምኩ፣ ጠመንጃዬን የሠራውን ሰውም አማሁ። ኔቭ መጥቶ ጋራዤ ውስጥ ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ። ለምሳዬ ያስቀመጥኩትን የሥጋና የድንች ፓስቲ እየበላ፣ የአርባ ጥይት ባሩድ ስመዝን ዓይኑን ከሚዛኑ ላይ አልነቀለም።

«ማራገቢያውን አጥፋው» አለ በመጨረሻ።

«እንሙት ነው የምትለው?»

«ነፋሱ ሚዛንህን እየነካው ነው። አንዱ በዝቷል፣ አንዱ ጎድሏል። አጥፋውና ላብህ ይውረድ።»

አጠፋሁት። ከዚያም ተነስቶ መሄድ ሲችል፣ ከእኔ ጋር እየተጠበሰ አርባውንም ጥይት ፈታ፣ አርባውንም እንደገና መዘነ። በሳምንቱ ጥይቶቼ በቡጢ በሚሸፈን ቦታ ተሰበሰቡ። በክለባችን ጥሩ የሚተኩስ ሰው ሁሉ ጋራዡ ውስጥ እንዲህ ያለ የኔቭ ታሪክ አለው። ለሌላው ሰው ሲሆን አይሳሳትም።

ኤሮል ሆኪንግ በአጎራባቿ ካዲና ከተማ የሚኖር ጠመንጃ ሠሪያችን ነው፤ ቅድም ያማሁትም እሱን ነው። ዓይኑ ደክሞ ሥራውን ሊተው መሆኑን ሲነግረን መደርደሪያው ላይ አንድ ያልተቦረቦረ በርሜል ብቻ ቀርቶት ነበር። ያችን ለኔቭ አቆይቶለታል፤ ግን እስከ ዓርብ ድረስ ብቻ። ከዓርብ በኋላ በዚህ ወረዳ ጠመንጃ የሚሠራ ሰው አይኖርም። መንገድ ላይ ሰበብ አግኝቶ እንዳይመለስ ብዬ ኔቭን በራሴ መኪና ወሰድኩት።

ኤሮል እጁን በጨርቅ እየጠረገ «እሺ ኔቭ፣ የትኛው ይሁን?» አለው።

«አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል።»

«ለኔም አንድ በርሜል ብቻ ነው የቀረኝ። ሰኞ ማሽኖቼን የገዛው ሰው መጥቶ ይጭናቸዋል።»

ኔቭ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ፣ ሳይከፍተው መልሶ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ቁጥር አራት ስትስት ምን እንላለን?»

«"ምን ታድርግ፣ አርጅታለች" እንላለን።»

«አዎ። እኔም ሠላሳ ዓመት እንደዚያ ስል ኖርኩ። በልኬ የተሠራች፣ ጥይቷን በገዛ እጄ የመዘንኩላት ስትስትስ? ያኔ ማንን እላለሁ?»

ለካ የቀረችው አንድ ነገር ይቺ ናት። አራት ዓመት ሙሉ ያዘጋጀሁት ፌዝ ሁሉ ጠፋኝ።

ኤሮል ግን ቀና እንኳን አላለም። «ራስህን ነዋ! እንደ ሁላችን!»

ኔቭ ደብተሩን ኪሱ ውስጥ ወደ ታች ገፋው። «ሦስት ዜሮ ስምንት» አለ፣ ሽማግሌውን። ኤሮል ሐሳቡን ሳይለውጥ ልድረስበት ብሎ በርሜሉን ወዲያው ማሽኑ ላይ አሠረው።

የክለባችን ዓመታዊ ውድድር የሚደረገው ከፋሲካ በኋላ ባለው እሑድ ነው። አሸናፊው እጀታ በተገጠመለት የእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በአራት ሰዎች ትከሻ ከተኩስ መስመሩ እስከ ክለቡ ቤት ይወሰዳል። ኔቭ የፊት ግራውን እጀታ ሠላሳ ዓመት ተሸክሟል። ወንበሩ ላይ ግን ተቀምጦ አያውቅም።

የዚያን ዕለት ከባሕር የሚመጣው ነፋስ ባንዲራዎቹን ያንገላታቸዋል። ኔቭ አዲሷን ጠመንጃ ይዞ ከጎኔ ተኛ። እኔ ቀድሜ ተኩሼ ጥይቴ ወደ ዳር ሸሽታለች፤ ሦስት ነጥብ። ኔቭ ተነፈሰ፣ ጠበቀ፣ ምላጩን ሳበ። የሱ ኢላማ ንክች አላለም። የኔ ኢላማ ግን ቀዳዳው ሊታይ ወደ ጉድጓዱ ወርዶ ሲወጣ መሐል ልቡ ላይ ነጭ ምልክት ተደርጎበታል።

የአራት ዓመት ጥናት ያለቀባት ጥይት እንከን የላትም። የተተኮሰችው ግን የጎረቤት ኢላማ ላይ ነው። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ለተኳሹ ዜሮ፣ ለኢላማው ባለቤት ደግሞ ከሁለቱ ቀዳዳዎች የሚበልጠው። የኔዋ ሦስት ወደ አምስት ከፍ አለች።

ሰበብ እስኪፈልግ ጠበቅኩት። ጠመንጃዋን አየ፣ ቀለሁን አሸተተ፣ ባንዲራዎቹን አየ። ከዚያ እጁን አውጥቶ «የኔ ጥፋት ነው!» ብሎ ጮኸ። እንዲህ ደስ ብሎት ሲጮኽ ዳኛው አሞት ይሆን ብሎ ተጠጋው። ከዚያ በኋላ አንዲት ጥይት አልባከነበትም።

ውጤቱ ሲነበብ በአንድ ነጥብ በልጬ አንደኛ ወጣሁ። ሁለተኛው ኔቭ ነው። ወንበሩ መጣ። እኔ እግሬን ተክዬ «አልቀመጥም፣ ያቺ አምስት ያንተ ናት» አልኩት።

እሱ የፊት ግራውን እጀታ ቀድሞ ይዟል። «ተቀመጥ እንጂ አንተ! ጥፋቱ የኔ ነው፣ አትንካብኝ!»

ተቀመጥኩ። ሲያነሱኝ ወንበሩ ወደ ቀኝ አጋደለ፤ የፊት ግራው ከሦስቱ ሁሉ ከፍ ብሎ ነበር።