ቄስ ይልቃል የፈረዱበት ድራም

ሰው ዕቃውን ማሻሻል የሚጀምረው ዕቃው ሲበላሽ እንዳይመስላችሁ። የተበላሸውን ማስተካከል ጥገና ይባላል፤ እሱ የጨዋ ሰው ሥራ ነው። ማሻሻል ግን ሌላ በሽታ ነው። ስልኩ እየሠራለት ስልክ የሚቀይር፣ ጣሪያው ሳያፈስ ቆርቆሮ የሚያስነቅል፣ የሰላም እንቅልፍ የሚተኛበትን ፍራሽ አውጥቶ ወገብ የሚያሳምም አዲስ ፍራሽ የሚያስገባ ሰው በየሰፈሩ አለ። እናንተም አታጡትም፤ ምናልባትም ይህን የምታነቡት አዲሱ ፍራሽ ላይ ጋደም ብላችሁ ይሆናል። እኔን በሽታው የያዘኝ በድራም በኩል ነው።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሂሳብ አስተምራለሁ። ከሥራ መልስ ደግሞ በእትየ ይመኙሻል ግቢ በተከራየኋት አንድ ክፍል ውስጥ ስቱዲዮ አለኝ። ስቱዲዮ ስላችሁ ብዙ አትጠብቁ። አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ማይክ፣ ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት የእንቁላል ትሪ፣ ከዚያ የተረፈችው ቦታ ላይ ደግሞ አልጋዬ። ትሪውን ከየሱቁ ለምኜ ስሰበስብ ጊዜው ጾም ነበርና፣ እትየ ይመኙሻል በራፌ ላይ ቆመው “ይህን ሁሉ እንቁላል በጾም ማን በላው?” ብለው አፋጠውኛል። ባዶውን እንደለመንኩት በእግዜር ስም ምዬ ብነግራቸውም፣ እስከ ፋሲካ ድረስ ሰላምታቸው ቀዝቀዝ ብሎ ከረመ።

የድሮው ድራሜ ከተበተነ የኪነት ቡድን የተረፈ ነው። ሲምባል የሚሉት የናስ ሳህኑ ከአንድ ወገኑ ተገምጦ የተተወ ቂጣ ይመስላል። የትልቁ ድራም ሆድ በአሮጌ ጋቢ ተጠቅጥቋል። የትንሹ ድራም ፕላስቲክ ሲቀደድብኝ ደግሞ ይጁቤ ገበያ ላገኘኋቸው ከበሮ ሠሪ ሰጠሁና የፍየል ቆዳ አለበሱልኝ። ክረምት በገባ ቁጥር ቆዳው እርጥበት ይጠጣና ይለግማል፤ ከሰል ዳር አስጠግቼ ሳሞቀው ክፍሉ ሁሉ ፍየል ፍየል ይሸታል። ያም ሆኖ ሦስት ዓመት ሙሉ ክረምት ከበጋ፣ ጾም ከፍስክ ስቀጠቅጠው ማንም ምንም ብሎኝ አያውቅም። እኔ የሰፈሩ ሰው ሙዚቃ ወዳድ መስሎኝ ነበር። እትየ ይመኙሻል ግን ለካ ለጎረቤት “መምህሩ በትርፍ ጊዜው ሳጥን ይሠራል” እያሉ ነው የኖሩት። አንዴማ እግሩ የወለቀ የመቀመጫ ዱካ ይዘው መጥተው “እግረ መንገድህን ይችንም ምታልኝ” አሉኝ። መታሁላቸው።

ወደ ማሻሻሉ የከተተችኝ ገነት ናት። ገነት ሮብ ገበያ በምትባል ከተማ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት፤ ድምፅዋን ብትሰሙት በሽተኛ ለምን የእሷን ተራ ጠብቆ እንደሚመጣ ይገባችኋል። ግጥሙም ዜማውም የራሷ የሆኑ ሦስት ዘፈኖች አሏት። በስልክ ቀድታ ከላከችልኝ ወራት አልፈዋል። እነሱን በወጉ ለመቅዳት ከአለቃዋ ጋር ተሟግታ የዓመት ፈቃዷን አስፈቀደች፤ የተሰጣት ግን አሥር ቀን ብቻ፣ ያውም በሁዳዴ። በአሥሩ ቀን ካልቀዳን የሚቀጥለው ፈቃድ የዛሬ ዓመት ነው። ዘፈን ሲቀዳ ደግሞ መጀመሪያ የሚቀዳው ድራም ነው፤ ዘፋኙም ሌላው መሣሪያም የሚከተለው እሱን ነው። ታዲያ እኔ ይህን ሁሉ እያወቅሁ “ለዚህ ድምፅ ይህ ድራም አይመጥንም” ብዬ ተነሳሁ። በአሮጌው ቀድተን ቢሆን ኖሮ ይህን ወግ አታነቡም ነበር።

አዲሱ ዕቃ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ዓባይን ተሻግሮ መጣልኝ። አዲስ ትንሽ ድራም፣ ሁለት የሚያብረቀርቁ ሲምባሎች፣ ለትልቁም አዲስ ፕላስቲክ። ጋቢውን ከሆዱ አውጥቼ አጠብኩት። ገነት በመጀመሪያው የፈቃዷ ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት ደረሰች፤ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አጠለቀች፤ እኔም የመጀመሪያውን ዘፈኗን ጀመርኩ። ግማሽ ላይ እንኳ ሳንደርስ በሩ ተደበደበ።

“መምህር! ምንድን ነው ይኸ የምሰማው?” እትየ ይመኙሻል ናቸው።

“ያው የድሮው ነው እትየ።”

“የድሮውንማ አውቀዋለሁ። ይኸ ከበሮ ነው! ቤተ ክርስቲያኑ እንኳ ከበሮና ጸናጽሉን አስቀምጦ፣ ሁዳዴን በመቋሚያ ብቻ ሲያዜም፣ አንተ በኔ ግቢ ከበሮ ትደልቃለህ?”

ልብ አድርጉልኝ። የፍየል ቆዳ የለበሰው ሦስት ዓመት ሙሉ ከበሮ አልተባለም፤ ፕላስቲክ የለበሰው በአንድ ጠዋት ከበሮ ሆነ! ድራም መምታት ከጀመርኩ ወዲህ የተነገረኝ የመጀመሪያው መልካም ቃል ይህ ነበር። ጾም ባይሆን ልቤ ቅቤ ጠጣ እላችሁ ነበር። የገነት ፊት ግን አመድ መሰለ፤ እሷ የምታስበው የቀራትን ዘጠኝ ቀን ነው።

ተሟገትኩ። ይህ ድራም እንጂ ከበሮ አይደለም፣ የፈረንጅ ዕቃ ነው፣ ቀኖናውም አያውቀውም አልኩ። እትየ ይመኙሻል ግን በዋዛ የሚረቱ ሴት አይደሉም። “እኔም አልፈርድ፣ አንተም አትፍረድ” አሉ። “ነገ የንስሐ አባቴ ቄስ ይልቃል መጥተው ይስሙት። ከበሮ ነው ካሉ እስከ ፋሲካ የድሮውንም አዲሱንም አትነካም። አይደለም ካሉ እንዳሻህ።” እኔም በነገሩ ተስማማሁ።

ዘዴውን ያመጣችው ገነት ናት። “አበላሽተህ ምታ” አለችኝ። “እንደ ድሮው፣ ሳጥን እንደምትሠራ። ሌላ ምንም አልፈልግም።” ከዚህ የቀለለ ነገር ምን አለ? እኔም በደስታ እሺ አልኳት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ቄስ ይልቃል መጡ። መስቀል ተሳለምን። ሌላ መቀመጫ የለምና አልጋዬ ላይ ተቀመጡ፤ የእንቁላል ትሪውን አየት አደረጉና አለፉት። እትየ ይመኙሻል ነጠላቸውን ተከናንበው በሩን ይዘው ቆሙ። “በል ልጄ፣ አሰማና” አሉኝ ቄሱ።

ያን ቀን የመታሁትን መምታት ጠላቴ አይስማው። እጅና እግሬን አጣላሁ፤ ሲምባሉን በማይሆን ቦታ አንኳኳሁ። ቄስ ይልቃል አንገታቸውን ደፍተው እስከ መጨረሻው ታገሡኝ። ከዚያ ወደ እትየ ይመኙሻል ዞሩና በክርስትና ስማቸው እየጠሩ “ወለተ ማርያም፣ ይህማ ምኑ ከበሮ ነው? ተይው፣ ልጁ ያንኳኳ” አሉ።

ነጻ ወጣሁ። ገነት ዓይኗ በራ። ዱላዬን እዚያው ላይ ማስቀመጥ ነበረብኝ፤ ላስቀምጥም ነበር። ቄሱ ግን መቋሚያቸውን ተደግፈው እየተነሱ፣ ምንም ክፋት ሳያስቡ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው አንድ ነገር ጨመሩ።

“እኔም በዲቁናዬ ጊዜ ከበሮ መቺ ነበርኩ። አትዘን ልጄ፣ ለሁሉም አልተሰጠም።”

ለሁሉም አልተሰጠም! እስቲ እናንተው ፍረዱ። ስድብ ቢሆን እችለው ነበር፤ ያንገበገበኝ ማዘናቸው ነው። ከጥግ ገነት ራሷን ትነቀንቅብኛለች፤ አላየሁም ብዬ ባስተባብል ውሸቴን ነው፤ በደንብ አይቻታለሁ። “አባ፣ አንዴ ይቀመጡልኝ” አልኩና ጀመርኩ።

መታሁ። ከራሴ በላይ መታሁ። መሀል ላይ ቀና ብል የቄስ ይልቃል መቋሚያ ወለሉን ጠቅ፣ ጠቅ ያደርጋል። የእትየ ይመኙሻል ነጠላ ከአንድ ትከሻቸው ወርዷል፤ ነጠላ ደግሞ ትከሻ ካልተንቀሳቀሰ በራሱ አይወርድም። ስጨርስ ቄሱ ግንባራቸውን ጠረጉ።

“ከበሮ ነው” አሉ። መቋሚያቸውን እያነሱም “ደግሞም መልካም ከበሮ ነው። እስከ ፋሲካ እንዳትነካው” ብለው ባርከውኝ ወጡ። እትየ ይመኙሻልም ነጠላቸውን ወደ ቦታው መልሰው ተከተሏቸው።

ልደብቃችሁ አልፈልግም፤ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። በሩ እስኪዘጋ ድረስ ነው ታዲያ። ገነት ማዳመጫውን አንስታ ገመዱን እንደ ጉሉኮስ ቱቦ በጥንቃቄ ጠቀለለችው። ስድቡን ስጠብቅ፣ ይቅርታውንም አዘጋጅቼ ነበር።

“እንዲህ መምታት ትችል ነበር?” አለችኝ።

“ያው... አዎ።”

“ትናንት የኔን ዘፈን ስትመታ ይሄ የት ነበር?”

ዕቃው አዲስ ስለሆነብኝ ነው ልላት ፈለግሁ፤ ግን በአንድ ሌሊት እንዳላረጀ ሁለታችንም እናውቃለን። የቀረውን ፈቃዷን ለፋሲካ ሳምንት እንዲያዞሩላት አለቃዋን እንደምትለምን፣ እምቢ ካሏት የዛሬ ዓመት እንደሆነ ነገረችኝና በሮብ ገበያ መኪና ተመለሰች።

እስካሁን አልደወለችም። እኔ በየቀኑ ከሥራ መልስ ማዳመጫውን አጥልቄ፣ የላከችልኝን ዘፈኖች እየሰማሁ ጉልበቴን እመታለሁ፤ ጉልበት ላይ እስካሁን የፈረደ የለም። ድራም ከሌለበት ግጥሙ ለካ ጥርት ብሎ ይሰማል። የመጀመሪያው ዘፈን፣ ያ በአዲሱ ሲምባል ያንቃጨልኩበት፣ ስለ እናቷ ሞት መሆኑን ያወቅሁት ትናንት ነው። እኔ የሠርግ ምት ነበር የመታሁለት።